የመረጧቸው ተወካይ የጻፉልዎ ደብዳቤ መልስ ሲያጣ እንዴት ይከታተላሉ?

ችግርዎን ለምክር ቤት አባልዎ ነገሩ። እሳቸውም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉልዎ። ሳምንታት አለፉ፣ ድምፅ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። እባክዎ አይተዉት።

መጀመሪያ የደብዳቤውን ቅጂ ከተወካዩ ቢሮ ይውሰዱ። ወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዙ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ቤት ይጠይቁ፦ መቼ ገባ? ወደየትኛው ክፍል ተመራ? ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እምቢ ያለ ሰው ስላለ አይደለም። «ይታይ» ተብሎ ከክፍል ክፍል ይመራል። ባለሙያው ረቂቅ ያዘጋጃል፣ ረቂቁ ለኃላፊ ይቀርባል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። «ለምን አልመለሳችሁም?» ቢሉ ማንም አይነካውም። «ከዚህ ቀን ጀምሮ እናንተ ክፍል ነው ያለው» ሲሉ ግን ደብዳቤው ባለቤት ያገኛል።

ቀጥሎ ደብዳቤውን ራሱን ያንብቡት። አራት ጥያቄ ከታጨቀበት፣ መልሱ የአራት ክፍሎችን አስተያየት ይጠብቃል። ጉዳዩ የግል መረጃዎን የሚነካ ከሆነ የፈረሙት ፈቃድ መያያዙን ያረጋግጡ። በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የግል መረጃ ሕግ ምክንያት የኮንግረስ አባላት ቢሮዎች ይህን ፊርማ አስቀድመው ይጠይቃሉ።

አሁን ተወካዩ ማስታወሻ ደብዳቤ እንዲጽፉ ይጠይቁ። አጭር ይሁን፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይጥቀስ። ለበላይ ኃላፊው ግልባጭ ይደረግ። መሥሪያ ቤቱ የመልስ ጊዜ ገደብ ካለው እሱም ይጻፍበት። በብሪታኒያ ለምሳሌ ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ የተቀመጠው ግብ 20 የሥራ ቀን ነው። ስንቱ በጊዜው እንደተመለሰም በየመሥሪያ ቤቱ ይፋ ይደረጋል።

ይህም ካልሠራ ተወካዩ በምክር ቤት ጥያቄ ያቅርቡ። የጽሑፍ ጥያቄ መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር እንደ ደብዳቤ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይከብዳል። ሌላው በር እንባ ጠባቂ፣ ማለትም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያይ ተቋም፣ ነው። በአንዳንድ አገር ግን አቤቱታው በተወካዩ በኩል ማለፍ አለበት፣ አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ! የይግባኝ ቀነ ገደብ ካለብዎት የተወካዩን መልስ አይጠብቁ። ደብዳቤ ስለተጻፈ ብቻ ቀኑ አይቆምም። ይግባኙን ዛሬውኑ ያስገቡ፣ ደብዳቤውን ጎን ለጎን ይከታተሉ።