ስለ ጡት፣ ስቴም ሴልና ጂን ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ትልቁ ስህተት ጡት በጉርምስና አድጎ ያበቃል ማለት ነው። አያበቃም። ስንወለድ ሴቱም ወንዱም ያለው ጥቂት ቀጫጭን ቱቦ ነው። ሴቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቱቦዎቹን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያበዛቸዋል። ወተት የሚያመርቱት ከረጢቶች ግን በደንብ የሚሞሉት በእርግዝና ነው። ልጁ ጡት ሲጥል አብዛኞቹ ወተት አምራች ሴሎች ይሞታሉ። ቀጣዩ እርግዝና ሲመጣ እንደገና ይሠራሉ። እንዲህ ፈርሶ የሚታነጽ አካል ብዙ የለንም። ለዚህም ነው ስቴም ሴሎች፣ ማለትም እየተከፋፈሉ ሌሎች ሴሎችን የሚያወጡ እናት ሴሎች፣ የሚያስፈልጉት።

(በነገራችን ላይ የአራስ ልጅ ጡት ቢያብጥ ከእናቱ የተረፈው ሆርሞን ነው፣ ወንድም ቢሆን። አትጭመቁት፤ ራሱ ይጠፋል።)

ሁለተኛው፣ «አንድ ስቴም ሴል ሁሉን ይሠራል» የሚለው ነው። ወሬው ከባዶ አልመጣም። በ2006 ሜልበርን ያሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ ጡት አንዲት ሴል ወስደው፣ የጡት እጢዋ ተቆርጦ በተወገደ ሌላ አይጥ የጡት ስብ ውስጥ ተከሏት። ሙሉ እጢ በቀለ! እኔም ሳነበው ጉድ ብያለሁ። ግን ሴሏ ከቤቷ ተነቅላ ነው የተፈተነችው። በ2011 ብራስልስ ላይ ሴሎቹን ሳይነቅሉ፣ ምልክት አድርገውባቸው ተከታተሏቸው። የአይጧ ጡት ከተወለደች በኋላ የሚያድገው በአብዛኛው በተለያዩ ስቴም ሴሎች ነበር፦ የቱቦዎቹ የውስጠኛው ሽፋን የራሱ አለው፣ የውጪው ጡንቻ መሰል ሽፋንም የራሱ።

ሦስተኛው፣ «የጡት ጂን» የሚባል አንድ ነገር መፈለግ ነው። ጂኖቹ በሁሉም ሴል ማለት ይቻላል አሉ፤ ቁም ነገሩ የትኛው መቼ ይበራል የሚለው ነው። ለምሳሌ ጋታ 3 የተባለው ጂን የውስጠኛውን ሽፋን ሴሎች ማንነት ይጠብቃል፣ ኤልፍ 5 በእርግዝና ወደ ወተት አምራችነት ይመራቸዋል።

አራተኛው ብራካ 1 (BRCA1) የተባለውን ጂን «የካንሰር ጂን» ማለት ነው። ሁላችንም አለን። ሥራው የተሰበረ ዲኤንኤ መጠገን ነው፤ አደጋ የሚመጣው ሲበላሽ ነው። ብልሽቱ በአባትም በኩል ይወረሳል፣ ስለዚህ «በእናቴ ወገን የለም» ብሎ መዘናጋት አይሆንም። ብልሽቱን በወረሱ ሴቶች የጡት ካንሰሩ የሚነሳው ከስቴም ሴል ይመስል ነበር። በ2009 የወጣው የሜልበርን ጥናት ግን ጣቱን የቀሰረው ከስቴም ሴሎቹ አንድ ደረጃ ወርደው ባሉት የውስጠኛው ሽፋን ሴሎች ላይ ነው።

አምስተኛው? ጡት የሚያሳድግ «የስቴም ሴል ክሬም» መግዛት። የክሬም ብልቃጥ ውስጥ በሕይወት የሚቆይ ስቴም ሴል የለም።