የአሜሪካ ምርጫ ክርክር ቡና ላይ ሲነሣ እንዴት ይመራ?

የአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ደሴም ኮምቦልቻም ጀበና የተጣደበት ቤት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ለሪፐብሊካኑ ይሟገታል፣ ሌላው ለዴሞክራቱ፤ በረካው ሳይቀዳ ድምፅ ይጋጋላል፣ ተኮራርፎ የሚወጣም አይጠፋም። ነገሩን የሚያበላሸው ሦስት ጥያቄ ተቀላቅሎ መነሣቱ ነው፦ ማን ያሸንፋል? ማን ለአሜሪካ ይበጃል? ለእኛስ ማን ይሻለናል? አንዱ ስለ መጀመሪያው ሲጠይቅ ሌላው ስለ ሦስተኛው ይመልስለታል። ስለዚህ አቦል ላይ ሒሳቡ፣ ቶና ላይ ፖሊሲው፣ በረካ ላይ የእኛ ጉዳይ ይነሣ። ዳኛዋ ቡና አፍይዋ ናት፤ ሲኒ ሰብስባ ሳትቀዳ ማንም ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

ለአቦሉ የሳሙና ካርቶን ክዳን፣ እስክሪብቶና ሰባት የለስላሳ ቆርኪ አዘጋጁ። ካርቶኑን መሐል ለመሐል አስምራችሁ በግራ 226፣ በቀኝ 219 ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰባቱ ወላዋይ ግዛቶች (አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው ፓርቲ የሚያጋድሉት) ሳይቆጠሩ ካማላ ሃሪስ (ግራ) እና ዶናልድ ትራምፕ (ቀኝ) ያገኙት የኤሌክቶራል ድምፅ፣ ማለትም ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ለየግዛቱ የተመደበው ድምፅ፣ ይህ ነው። በየቆርኪው ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፦ ፔንስልቬንያ 19፣ ጆርጂያ 16፣ ሰሜን ካሮላይና 16፣ ሚሺጋን 15፣ አሪዞና 11፣ ዊስኮንሲን 10፣ ኔቫዳ 6። ድምሩ 93 ካልመጣ አንዱን ተሳስታችኋል። ከጠቅላላው 538 ድምፅ 270 የሞላለት ያሸንፋል።

ከዚህ በኋላ «የእኔ ሰው ያሸንፋል» የሚል ሁሉ ቆርኪ እያንቀሳቀሰ ያሳይ። ፔንስልቬንያን፣ ሚሺጋንንና ዊስኮንሲንን ወደ ግራ ሲወስድ 44 ይጨመራል፣ ልክ 270 ይሞላል። በቀኝ በኩል ደግሞ ፔንስልቬንያ፣ ጆርጂያና ሰሜን ካሮላይና 51 ሆነው እዚያው 270 ላይ ያደርሳሉ። ፔንስልቬንያ በሁለቱም መንገድ ላይ መቆሟን በዓይኑ ያየ ሰው እጩዎቹ ለምን እዚያ እንደሚመላለሱ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይናና አሪዞና ብቻ ወደ ግራ ሄደው የቀሩት አራቱ ወደ ቀኝ ቢሄዱ 269 ለ269 እኩል ይወጣሉ፤ ያኔ የተወካዮች ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ አንድ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጣል፣ ለማሸነፍም 26 ግዛት ያስፈልጋል። በ2024 ሰባቱም ቆርኪዎች ወደ ቀኝ ሄደው ትራምፕ 312 አገኙ። የግዛቶቹ ቁጥር በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የተደለደለ ስለሆነ ለ2028ም ያገለግላል፤ በግራና በቀኝ የተጻፈውን መነሻ ግን እንደ ጊዜው አስተካክሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አይጠፋም። የመጀመሪያው «ብዙ ሕዝብ የመረጠው ያሸንፋል» የሚለው ነው። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ተሸንፈዋል፤ በ2000 ደግሞ ፍሎሪዳን፣ በእሷም ምርጫውን፣ ለጆርጅ ቡሽ የሰጠው የ537 ድምፅ ብልጫ ነበር። ከሜይንና ከኔብራስካ በስተቀር በየግዛቱ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ሁሉንም ይጠቀልላል። ሁለተኛው የዘመድ ስልክ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ወንድም «እዚህ ሰው ሁሉ ዴሞክራት ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ሁለቱም በ2024 ለሃሪስ ሰጥተዋል። ስለ ፔንስልቬንያ ግን ምንም አይነግረንም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰውም በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ እንደማይሰጥ አስታውሱ።

ውጤቱን አብሮ ለማደር ያሰበ ሰዓቱን ይወቅ። የሚቀጥለው የፕሬዚዳንት ምርጫ ማክሰኞ ጥቅምት 28 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ወቅት ከዋሽንግተን 8 ሰዓት እንቀድማለን። በተለመደው ሰዓት ከሄደ ጆርጂያ የምትዘጋው ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ፔንስልቬንያ 10፣ ዊስኮንሲንና አሪዞና ሰው ለሱብሂ በሚነሣበት በ11 ሰዓት ግድም፣ ኔቫዳ ንጋት 12፣ ካሊፎርኒያ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሌሊት በሚታየው ቁጥር «አሸነፍን» ብሎ መጨፈር ጠብ ያመጣል። ፔንስልቬንያና ዊስኮንሲን በፖስታ የመጣውን ድምፅ እስከ ምርጫው ዕለት ጠዋት ከፍተው ማዘጋጀት ሕጋቸው አይፈቅድላቸውም፣ ስለዚህ ያ ድምፅ ዘግይቶ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌሊቱን ትራምፕ ፔንስልቬንያን ሲመሩ አድረው በመጨረሻ ባይደን ወሰዷት፤ አሸናፊው የታወቀው ቅዳሜ ነው። የዘገየ ሁሉ የተሰረቀ የሚመስለው ይህን ሳያውቁ ሲቀሩ ነው።

ቶና ላይ አንድ ደንብ ይበቃል፦ «እንዲህ ብሏል» ያለ ቀኑን ይናገር፣ ቀኑን ካላወቀ ንግግሩ ይቆይ። ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። የተሳሳተው ታላቅ ከሆነ ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» አይባልም፤ «ጋሼ፣ አፌ ቁርጥ ይበልልዎና፣ ያ የ2020 ንግግር መሰለኝ» ቢባል ሰውየውም ይሰማል፣ ነገሩም ይታረማል።

በረካ ላይ ነው ሰው የሚቆስለው። ትራምፕን የሚቃወመው ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ማለታቸውን ያነሣል። ዴሞክራቶችን የሚቃወመው ኢትዮጵያ በባይደን ውሳኔ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) መውጣቷን ያነሣል፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ ለመላክ የተሠራ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላላት ኮምቦልቻ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም ይነገር። ነገር ግን ጦርነቱ ኮምቦልቻ የገባው ከአጎዋው ውሳኔ በፊት፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው፤ ሥራ ያጣውን ሰው ጉዳት ሁሉ በአንድ ፊርማ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ዲቪም መነሣቱ አይቀርም፦ እ.ኤ.አ. በ1990 በኮንግረስ የወጣ ሕግ ነው፤ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2020 አግደውት ባይደን በ2021 እገዳውን አንሥተዋል፣ ሕጉን መሻር የሚችለው ግን ኮንግረስ ነው።

ንግግሩ ከእጩዎቹ ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ማን ምን አደረገ ወደሚለው ከዞረ ቡና አፍይዋ ወዲያው ታቁመው። እዚያ ቤት ልጁን የቀበረ ሊኖር ይችላል። ያ ጉዳይ አባጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ የሚታይ ነው፤ ከአሜሪካ ምርጫ ጋር ተደርቦ አይነሣም።

ካርቶኑን አትጣሉት። ኮንግረስ የኤሌክቶራሉን ድምፅ ቆጥሮ የሚያጸድቀው በሕጉ ጃንዋሪ 6 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 28፣ ምእመኑ ለገና ላሊበላ ገብቶ የሚያድርበት ዋዜማ። ያን ቀን ቆርኪዎቹን በመጨረሻው ውጤት ደርድሩና ካርቶኑን ለከሰሉ ማቀጣጠያ አድርጉት።