ስለ መካከለኛው ዘመን ስብከት ፔፐር የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ

ሰሞኑን ፔፐር ሳርም ያቺን ዓረፍተ ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንዳየኋት እንጃ፦ «ስብከቱ የተጻፈው በላቲን ስለሆነ ሕዝቡ አይገባውም ነበር።» ኧረ በፈጠራችሁ! ገና በ813 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቱር፣ ፈረንሳይ ላይ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስብከቱ ሕዝቡ በሚናገረው ሮማንስ (ከላቲን የወጣው የሕዝቡ ቋንቋ) ወይም ጀርመንኛ ይተርጎም ብሎ አዟል። ሰባኪው ማስታወሻውን በላቲን ይይዛል፣ ሕዝቡ ፊት ሲቆም በአገሬው ቋንቋ ያወራል፣ ከዛ ወይ ራሱ ወይ ሰሚው መልሶ በላቲን ይጽፈዋል። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ታዋቂ ሰባኪ በርቶልድ ዘሬገንስቡርግ ያን ሁሉ ሰው የሰበሰበው በጀርመንኛ ሰብኮ ነው፣ ለሰባኪዎች ያዘጋጃቸው ስብስቦች ግን ላቲን ናቸው። ግዕዙ ተነቦ ትምህርቱ በአማርኛ ሲሰጥ እየሰማን ያደግን ሰዎች እንዴት ይሄ ይጠፋናል?

እና እጃችሁ ላይ ያለው ላቲን አጥንቱ ብቻ ነው። ሥጋውን ማየት የፈለገ ጣሊያናዊው ሰባኪ በርናርዲኖ በ1427 በከተማው ሲየና አደባባይ የሰበከውን ያንብብ፣ ቤኔዴቶ የሚባል ጨርቅ ሠራተኛ እየሰማ ሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ ቃል በቃል ጽፎታል፣ 45 ስብከት! ሰባኪው መሃል ላይ አቋርጦ የሚያንቀላፉትን ሲቆጣ ሁሉ አለበት።

ሌላው፣ የስብከት መመሪያ መጽሐፍ አንብባችሁ «እንዲህ ይሰብኩ ነበር» አትበሉ። የትራፊክ ደንብ አንብቦ የአዲስ አበባ ሹፌር እንዲህ ነው የሚነዳው እንደማለት ነው። ሮበርት ዘቤዝቮርን በ1322 በጻፈው መመሪያ የስብከት ጌጥ ብሎ 22 ነገር ዘርዝሯል፣ የገጠሩ ቄስ ሃያ ሁለቱንም የሚጠቀም ይመስላችኋል?

ሌላውን የስብከት መመሪያ ጸሐፊ አለን ዘሊልን ከሮበርት ጋር አንድ ላይ አትጨፍልቁ፣ መሃላቸው ከ100 ዓመት በላይ አለ።

«ጥቅስ መከፋፈል (አንዱን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በክፍል በክፍል አድርጎ መስበክ) ደረቅ ነው» የምትሉትም ትንሽ ታገሱ። እስቲ «ጌታችሁ በምን ሰዓት እንዲመጣ አታውቁምና እንግዲህ ንቁ» የሚለውን ውሰዱ። የሚመጣው ማነው? መቼ ነው? እኛስ ምን እናድርግ? በቃ ሦስት ክፍል ወጣው፣ ለእያንዳንዱ ደጋፊ ጥቅስና አንድ ተረክ ጨምሩበት። ሰባኪው ወረቀት ሳያይ ያስታውሰዋል፣ ሰሚውም ቤቱ ይዞት ይገባል።

ማንም ተነስቶ ይሰብክ ነበር ብላችሁም እንዳትጽፉ፣ ዋልደንሳውያን የሚባሉት የምእመናን እንቅስቃሴ ተከታዮች በ1184 ከተወገዙበት ምክንያት አንዱ ያለፈቃድ መስበካቸው ነው።

እኔም ከስህተት ነጻ አይደለሁም። ጀማሪ እያለሁ ስብከት ውስጥ ያገኘሁትን የአንድ አራጣ አበዳሪ ታሪክ የእውነት የሆነ መስሎኝ ሰውዬው ማን እንደነበር ስፈልግ ወር ፈጀሁ፣ በኋላ ያው ታሪክ በሌላ ስብስብ ሌላ ከተማ ላይ ሆኖ አገኘሁት፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰውዬው ጭራሽ ወይን ነጋዴ ሆኗል። ለካ ሰባኪዎቹ እየተቀባበሉ የሚያወሩት ማስተማሪያ ነው። ፔፐሩን ግን አስረክቤ ነበር 😅