ወፍራም የእንጨት ካውንተር እንዳይጎብጥ

ኮምቦልቻ ቤቴ ኪችን ላይ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው የዋንዛ ካውንተር አሰርቼ ነበር፣ ጣውላው በክረምት ደሴ የተገዛ እዛው የተሰራ፣ ላዩ በቫርኒሽ መስታወት የመሰለ፣ በጋው ሲገባ ግን መሃሉ እንደ በሬ ሻኛ ተነሳ። አናጺው እንጨቱን ሲረግም እኔ አናጺውን ስረግም ቆይተን ስንገለብጠው ለካ ከስሩ አንድ ጠብታ ቫርኒሽ አልነካውም።

እንጨት ተቆርጦም እርጥበት ይስባል ይለቃል፣ ሲስብ ያብጣል ሲለቅ ይኮማተራል፣ ያውም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ። ላዩ ተቀብቶ ስሩ ራቁቱን ከሆነ ስሩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰበሰባል፣ ላዩ ባለበት ይቀራል፣ በቃ ጎበጠ። ወፍራም ስለሆነ አይጣመምም የሚልህን አትስማ፣ ወፍራም ሲጣመም ቪቴውን ነቅሎ ነው የሚነሳው።

ስለዚ መጀመሪያ ድርቀቱን እይ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዛ ጉም ውስጥ የከረመ ጣውላ የሀረጎን ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ሲደርስ ሌላ አየር ነው የሚያገኘው። በአየር ለሚደርቅ ጣውላ ለ2.5 ሳንቲ ውፍረት 1 ዓመት ገደማ ይባላል፣ ለ5 ሳንቲ 2 ዓመት ማን ይጠብቃል አቦ፣ ደረቁን ግዛ። ገዝተህም ቶሎ አታሰራው፣ ካውንተሩ የሚገባበት ቤት ውስጥ በየመሃሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቁራጭ እንጨቶች አስገብተህ ደርድረው፣ ከሱቅ ሚዛን ተዋስና አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መዝነው፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ቤቱን ለምዷል ማለት ነው። ባህር ዛፍ በርካሽ አለ ቢሉህ ለካውንተር ተወው፣ ሲደርቅ ክፉኛ ይጣመማል ይሰነጠቃል።

አንድ ሰፊ ጣውላ ከምታስገባ 8 ወይ 10 ሳንቲ ወርድ ያላቸውን በኮላ አጋጥም፣ ጫፉ ላይ የሚታየውን የዛፉን የእድሜ ቀለበት ቅስት አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያፈራረቅክ።

ሲታሰርም ጥርቅም አድርገህ አትሰረው። ከፊት በኩል ጠበቅ፣ ከኋላ ግን ካውንተሩን ከስር የሚይዘው የአንግል ብረት ቀዳዳ በካውንተሩ ወርድ አቅጣጫ ሞላላ ይሁን፣ እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ቪቴው እንዲንሸራተት፣ ከግድግዳውም 5 ሚሊ ያህል ክፍተት ተው። ቫርኒሽ ላዩን 3 እጅ ከቀባህ ስሩንም 3 እጅ፣ ጫፎቹንና ለሲንክ የተቆረጠውን ጠርዝ ደግሞ ጨምርበት፣ ውሃ በዛ ነው የሚገባው።

የኔን ቫርኒሹን ፍቀን ሁለቱም ጎን አየር እንዲያገኝ አቁመነው ከረመ፣ ከዛ ዙሪያውን ቀብተን መለስነው። ወላሂ አብዛኛው ተስተካክሏል፣ መሃሉ ላይ ሲኒ ስታስቀምጥ ግን አሁንም ትንሽ ትወዛወዛለች።