ድድ ይደማል፣ ታርታር ይመለሳል፦ ችግርና መፍትሄ

በቀን ሁለቴ መቦረሽ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። እሱን አልደግምም።

የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ። እኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከውሃው ፍሎራይድ ነው፤ ጥርሱ በልጅነት ሲሠራ የገባ። ቆሻሻ ስላልሆነ በከሰል አትፈትጉት።

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ።

ሲቦርሹ የሚደማ ድድ። የዘወትር እንጀራዬ ይሄ ነው። የተተፋው ምራቅ ቀላ ይላል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ከኋላ በምላስ ሲነኩ ይሻክራሉ፤ ታርታር ነው፣ ጥርስ ላይ የጠነከረ ክምር። «አምና አሳጥቤ ነበር፣ ተመለሰብኝ» ይከተላል።

ምክንያቱ የባክቴሪያዎች መያያዝ ነው። የታጠበ ጥርስ በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ ስስ የፕሮቲን ሽፋን ይለብሳል። እሱ ላይ ቀድመው የሚለጠፉት እነስትሬፕቶኮከስና አክቲኖማይሰስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዚያ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዱ ላይ ያለ ፕሮቲን ሌላው ላይ ያለውን ስኳር ጨብጦ ይይዛል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ግን አይደለም። ጊበንስና ኒጋርድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1970 እ.ኤ.አ. የጥርስ ባክቴሪያዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲቀላቅሉ የተያያዙት አንዳንዶቹ ብቻ ነበሩ። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባለው ቀጭን ረጅም ባክቴሪያ ከቀደሙትም ኋላ ከሚመጡትም ጋር ይያያዛል። ድልድይ ነው። ድድ አጥፊው ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ፣ ኦክስጅን የማይስማማው፣ እሱን ይዞ ይገባል። ክምሩ ካልተነካ የምራቅ ካልሲየም ያጠነክረውና ታርታር ይሆናል። ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ የሚብሰው የምራቅ ቧንቧ እዚያ ስለሚከፈት ነው።

ስለዚህ የሚደማውን ቦታ ቦርሹ! አንዱ ደንበኛዬ «ዶክተር፣ እንዳይደማ ብዬ ግራውን ትቼዋለሁ» አለኝ። አፉን ሲከፍት ቀኙ ደህና ነው፤ ግራው ላይ ታርታሩ ጥርሱን እስከ ግማሽ ሸፍኖታል። በ1965 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ጤነኛ ድድ ያላቸው ሰዎች ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደርጎ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ድዳቸው ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ። ቀድመው የሚለጠፉትን ባክቴሪያዎች በየቀኑ ካነሳችኋቸው የኋለኞቹ የሚይዙት ያጣሉ።

አቦራረሱ፦ የብሩሹን ጫፍ ድድና ጥርስ የሚገናኙበት ላይ ሰያፍ አድርጉ፣ በቀስታ አንቀጥቅጡ። ከፊት ጥርሶች ኋላ ብሩሹን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ቦርሹ። በጥርስ መሃል የጥርስ ክር። አሞራ ገደል ዓሣ በልታችሁ የምትጎረጉሩበት ስቴኪኒ እሾህ ያወጣል እንጂ ይሄን አያነሳም። መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ጫፉ ታኝኮ ከለሰለሰ።

መናኸሪያ አካባቢ የሚሸጠውን ሽቦ መሳይ ብሩሽ ተዉት። ድድ ይልጣል፤ ሳምንት ሳይሞላው ፀጉሩ ይበተናል። «ሶፍት» የሚለውን ግዙ።

አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ። ደሙ ጥቂት ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል፤ ተያይዘው የተከመሩትን ውስጥ ድረስ አያገኛቸውም። ሎሚ አትሹ፣ ኢናሜሉን (ጠንካራውን የጥርስ የላይ ሽፋን) ይበላል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት ጥርስ ያጠቁራል። ታርታር በምላጭ አይፋቅም፤ የሞከረ ሰው ድዱን ሰፍቼለታለሁ።

በደንብ እያጸዳችሁ ሁለት ሳምንት አልፎ ከደማ፣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ ኑ። ስኳር ያለበት ሰው ባይጠብቅ ይሻላል።

«እጥበት ጥርሴን አሳሳው» የምትሉትም፣ ክፍተቱ ታርታሩ ይዞት የነበረው ቦታ ነው።