የሐኪምና የታካሚን ተግባቦት እንዴት መለካት ይቻላል?

የሐኪሞችን ተግባቦት ለመለካት የተነሣ ሰው መጠይቅ ከማዘጋጀቱ በፊት ምን እንደሚለካ ለይቶ ማወቅ አለበት። ብዙ የጤና ተቋማት ታካሚውን «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን የሐኪሙ የተግባቦት ውጤት አድርገው ይመዘግቡታል። ይሁንና ታካሚው የረካው ወረፋው ስላጠረለት ወይም የፈለገው መድኃኒት ስለታዘዘለት ሊሆን ይችላል፤ ያልረካውም ሐኪሙ በትዕግሥት ቢያስረዳውም መስማት ያልፈለገውን እውነት ስለነገረው ሊሆን ይችላል። እርካታ መታወቅ ያለበት ነገር ቢሆንም ተግባቦትን አይለካም። በተግባቦት ምዘና መታየት ያለበት ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ ጨርሶ መናገሩ፣ የተነገረውን መረዳቱና ቤቱ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቁ ነው።

ለዚህም «ጥሩ ተግባቦት» የሚለውን ሰፊ ሐሳብ በዓይን ወደሚታዩና በጆሮ ወደሚሰሙ ድርጊቶች መመንዘር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ካላማዙ ከተማ የተሰበሰቡ የሕክምና ትምህርት ባለሙያዎች በሰባት መሠረታዊ ተግባራት ላይ ተስማምተዋል፤ እነርሱም ግንኙነት መመሥረት፣ ውይይቱን መክፈት፣ መረጃ መሰብሰብ፣ የታካሚውን አመለካከት መረዳት፣ መረጃ ማካፈል፣ በችግሩና በዕቅዱ ላይ መስማማት እንዲሁም ውይይቱን በአግባቡ መቋጨት ናቸው። ይህን ዝርዝር መነሻ አድርጎ እያንዳንዱ ተግባር በራስ ተቋም ውስጥ በምን እንደሚገለጥ መጻፍ ይገባል። ለምሳሌ «የታካሚውን አመለካከት መረዳት» የሚለው፣ ሐኪሙ «ሕመሙ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? በጣም የሚያሳስብዎትስ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቁና መልሱን መስማቱ ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።

የምዘናው ዓላማም አስቀድሞ ለሐኪሞቹ በግልጽ መነገር አለበት። ሐኪሙ ራሱን እንዲያሻሽል ነው ተብሎ የተሰበሰበ ውጤት ኋላ ለዕድገት ወይም ለቅጣት ከዋለ፣ በቀጣዩ ዙር የሚገኘው መረጃ የሚታመን አይሆንም።

የመጀመሪያው መሣሪያ የታካሚው መጠይቅ ነው። አዲስ ከመፍጠር ይልቅ የተፈተሸ መጠይቅ መውሰድ ይሻላል። በስኮትላንድ የተዘጋጀው «ኬር» የተባለው መለኪያ 10 ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስለሚያዝለት ድምሩ ከ10 እስከ 50 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው «ካት» የተባለው ደግሞ 15 ጥያቄዎች አሉት፤ 14ቱ ስለ ሐኪሙ፣ አንዱ ስለ ሌሎች ሠራተኞች ነው። ከሌላ ቋንቋ የሚመለስ መጠይቅ አንድ ሰው ከተረጎመው በኋላ፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ እንዲተረጉመው ይደረግና ሁለቱ ይመሳከራሉ። ከዚያም ጥቂት ታካሚዎች ጥያቄዎቹን እያነበቡ ምን እንደገባቸው በራሳቸው አባባል እንዲናገሩ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥያቄው ለአዘጋጁ ግልጽ መሆኑ ለታካሚውም ግልጽ መሆኑን አያረጋግጥም።

የራስን ጥያቄ መጨመር የግድ ከሆነ አንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። «ሐኪሙ በጥሞና ሰምቶ በሚገባ አስረድቶዎታል?» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፤ የተሰማ ነገር ግን ያልተብራራለት ታካሚ ምን ብሎ ይመልስ? «ሐኪሙ እርስዎ የማያውቁትን ቃል ሳይፈታ ተጠቅሟል?» ወይም «ጥያቄ ካለዎት እንዲጠይቁ ጋብዞዎታል?» የሚሉት ዓይነት ጥያቄዎች ግን ሐኪሙ ነገ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር ይጠቁማሉ።

መጠይቁን ማን እንደሚሰጠው ጥያቄዎቹ ምን እንደሚሉ ያህል አስፈላጊ ነው። በሐኪሙ ወይም አብራው በምትሠራው ነርስ እጅ የተሰጠ መጠይቅ ምስጋና ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ነገ ተመልሶ እዚያው የሚታከም ሰው ሐኪሙን ማስቀየም አይፈልግም። መጠይቁን ከሕክምና ክፍሉ ውጭ ያለ ሰው መስጠት፣ ስም አለመጻፍና መልሱን ሐኪሙ በማያየው ሳጥን ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችሉ ታካሚዎች ገለልተኛ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ያንብብላቸው። እነዚህን ሰዎች ማስቀረት ታላቅ ስሕተት ነው፤ ማብራሪያ በሚገባ ያልደረሳቸው ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና። ተጠያቂዎቹንም ሐኪሙ ሊመርጥ አይገባም፤ በተወሰኑ ቀናት የመጣውን ሰው ሁሉ በተራ መጠየቅ ይሻላል። ስለ ቁጥሩ፣ በ«ኬር» ላይ በተደረገው ጥናት ለአንድ ሐኪም አስተማማኝ ውጤት ለማግኘት 50 ገደማ ታካሚዎች ያስፈልጋሉ። በአሥር ሰው መልስ ሐኪምን ከሐኪም ማበላለጥ ግፍ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ውይይቱን መታዘብ ነው። ታዛቢ በክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ የሁለቱም ጠባይ ስለሚለወጥ በድምፅ መቅዳት ይመረጣል፤ ለዚህም ታካሚው በጽሑፍ ፈቃዱን ሊሰጥ፣ በፈለገ ጊዜም ሊያስቆመው መቻል አለበት። ከቀረጻው በቀላሉ የሚገኘውና ብዙ የሚናገረው ልኬት ታካሚው ሳይቋረጥ የተናገረበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 74 የሕክምና ቆይታዎች ተመርምረው ሐኪሞቹ ታካሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንዳቋረጡት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው በስዊዘርላንድ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሐኪሞቹ ሳያቋርጡ እንዲሰሙ ተደርጎ 335 ታካሚዎችን ሲከታተል፣ ታካሚዎቹ በአማካይ በ92 ሰከንድ ንግግራቸውን ጨርሰዋል፤ ከመቶ 78ቱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም። «ካላቋረጥኩት ቀኑን ሙሉ ያወራል» ለሚል ሐኪም ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ቀረጻዎቹን ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ነጥብ ሳያይ በአንድ ዓይነት የመመዘኛ ቅጽ ይመዝኑ። በተወሰኑ ቀረጻዎች ላይ ውጤታቸው በእጅጉ ከተለያየ ችግሩ ከሐኪሙ ሳይሆን ከቅጹ ወይም ከመዛኞቹ ሥልጠና ነውና፣ ያንን ሳያስተካክሉ መቀጠል አይገባም።

ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ታካሚው ይዞት የወጣውን መለካት ነው። ሐኪሙ ታካሚውን እንዳሰናበተ ስለ ሕመሙ፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ቀጠሮው የነገረውን በአጭሩ ይጽፋል። ከደጅ ደግሞ ሌላ ሰው ታካሚውን «ሕመምዎ ምንድን ነው ተባሉ? የትኛውን መድኃኒት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን ይወስዳሉ? ምን ቢሰማዎት ከቀጠሮው በፊት ይመጣሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ የተግባቦቱ ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀደም ሲል በተደረጉ ጥናቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ዳሰሳ እንደሚለው፣ ታካሚዎች ከሚነገራቸው የሕክምና መረጃ ከመቶ 40 እስከ 80 የሚሆነውን ወዲያውኑ ይረሱታል፤ ካስታወሱትም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው። ታካሚውን ስንጠይቅ ግን የሚፈተነው የእኛ አገላለጽ እንጂ የእርሱ ዕውቀት አለመሆኑን መንገር አለብን፤ አለዚያ የተማሪ ፍርሃት ይይዘዋል። የተሳሳተ ነገር ይዞ የወጣ ታካሚም ሳይታረም መሄድ የለበትም። ጠያቂው ወዲያው ወደ ሐኪሙ ይመልሰው፤ የመረጃው ንጽሕና ከታካሚው ደኅንነት አይበልጥም።

ውጤቱ ሲተነተን አማካዩን ብቻ ማየት ያሳስታል። አብዛኛው ታካሚ ለሐኪሙ ከፍ ያለ ነጥብ ስለሚሰጥ የሁሉም አማካይ ወደ ላይ ተጠግቶ ተመሳሳይ ይሆናል። ስለዚህ የ«ካት» አዘጋጆች እንደሚመክሩት ከፍተኛውን ነጥብ የሰጡት ታካሚዎች ከመቶ ስንት እንደሆኑ መቁጠር ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል። ሐኪሞችን ማነጻጸር ካስፈለገም የታካሚዎቻቸውን ዕድሜ፣ የሕመም ጽናትና በአስተርጓሚ መታከም አለመታከማቸውን ማገናዘብ ይገባል።

ሪፖርቱ ለሐኪሙ ለብቻው፣ በጥያቄ በጥያቄ ተለይቶና ታካሚዎች በራሳቸው ቃል ከሰጡት አስተያየት ጋር ይሰጠው፤ አስተያየቱ ግን የተናጋሪውን ማንነት የሚያሳብቅ ዝርዝር ከውስጡ ይውጣለት። በሁሉም ረድፍ ተሻሻል ከማለት አንድ ድርጊት፣ ለምሳሌ ከማሰናበት በፊት ታካሚው የተባለውን መልሶ እንዲናገር መጋበዝን፣ እንዲመርጥ ማድረግ ይሻላል። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው መጠይቅ፣ በዚያው የአሰጣጥ መንገድና በተመሳሳይ የታካሚ ቁጥር እንደገና ይለካ፤ በመካከሉ መጠይቁ ወይም አሰጣጡ ከተለወጠ ሁለቱን ውጤቶች ማወዳደር አይቻልም።