ያለፈውን ሐሙስ እንዴት ማስታወስ ይቻላል?

«ባለፈው ሐሙስ ምሳ ምን በላህ?» ብላችሁ አንድ ሰው ጠይቁ። «ሽሮ ነው መቼም» ይላችኋል። የምታጋልጠው ያቺ «መቼም» ናት፤ ሰውየው እየገመተ ነው እንጂ እያስታወሰ አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በዕቁብ ገንዘብ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በየሐሙሱ የምንጥለው የሰፈር ዕቁብ አለን። አንድ ሳምንት ጸሐፊው «የአንተ አልገባም» ሲለኝ በአባላቱ ፊት ማልኩ፤ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰማያዊ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ጣቱን በምራቁ እያረሰ ብሩን ሲቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡ እንደታጠፈ ከዝናብ ልብሴ ኪስ ተገኘ። ያየሁት ውሸት አልነበረም፤ የሌላ ሐሙስ ነበር። ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ቀኑን መልሳችሁ ማግኘት ከፈለጋችሁ እንግዲህ አትዘግዩ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ ከተማርነው ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ዝግ ይላል። ማታውኑ ወይም በማግስቱ ጠዋት ተቀመጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ስልኩ ለጊዜው ሌላ ክፍል ይቆይ፤ ፎቶውን አስቀድሞ ያየ ሰው ከፎቶው ውጭ ያለውን አይፈልግም።

በሰዓት አትጀምሩ። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቪለም ዋገናር ለስድስት ዓመት የራሱን ውሎ እየመዘገበ ቆይቶ፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደነበረ፣ የትና መቼ እንደሆነ እያፈራረቀ ራሱን ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ውጤት ከሁሉ የማይረባው ፍንጭ «መቼ» ነበር። «ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ምን ሠራሁ?» ከማለት «ፒያሳ ማንን አገኘሁ?» ማለት ይሻላል።

አስቸጋሪው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። የጻፋችሁትን አንብቡና ግሶቹን ተመልከቱ። «ቡና እጠጣለሁ፣ ባጃጅ እይዛለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ» ካላችሁ የጻፋችሁት የልማዳችሁን ታሪክ ነው። «ጠጣሁ» ብላችሁ ብትለውጡት እንኳ አትመኑት፤ የአንድ ዓይነት ቀኖች ትዝታ እርስ በርሱ ይለጣጠፋል። መድኃኒቱ በየመስመሩ ያን ቀን ብቻ የሆነ አንድ ነገር መፈለግ ነው።

አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የበላሁት ሐሙስ ነው ብዬ ጻፍኩ። ልዩ ነገር ስፈልግ አባኮዳ የምንለው ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት አጠገቤ በቆመ ሰው ጫማ ላይ ሲጥል ታየኝ። ጫማው አዲስ ነበር፤ ሰውየው «መልስ ልሄድ ነበር እኮ!» እያለ ተማረረ። የሰርግ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐሙስ አይሆንም። ዓሣው የእሑድ ነበር።

እንዲህ ያለ ወፍ ካልመጣላችሁ የቀን መቁጠሪያው ያግዛል። ጾም ነበር ወይስ ፍስክ? ወሩ በገባ በ19 ከሆነ ቅዱስ ገብርኤል ደጃፍ በነጠላ ይሞላል፤ በዚያ ያለፈ ሰው ያስታውሰዋል። ይህም ካልሠራ ቀኑን ከመኝታ ወደ ጠዋት፣ ወደኋላ ቁጠሩት። ለምስክሮች ቃል መቀበያ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ዘዴ ይህንኑ ይጠቀማል፤ ወደኋላ ስንሄድ ልማድ ቀድሞ አይመራንም።

ሌላ ሰው ከጠየቃችሁ አፋችሁን ጠብቁ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም ላሳዩአቸው ሰዎች በጥያቄው ውስጥ አንዱን ግስ ብቻ ጠንከር ሲያደርጉት የተገመተው ፍጥነት ጨመረ፤ ከሳምንት በኋላም ፊልሙ ላይ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን ያሉ በዙ። «ሐሙስ ዝናብ ዘንቦ አልነበረም?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሐሙስ እንዴት ዋልን?» በሉና ዝም በሉ።

አሁን ስልኩን አምጡ። የባንክ መልእክትና የጥሪ ዝርዝር ሰዓቱን ይሞላሉ። ከዚያ በየመስመሩ ጫፍ «አየሁ» ወይም «መሰለኝ» ብላችሁ ጻፉ። የእኔ የዚህ ሳምንት ሐሙስ አሥራ አንድ መስመር ወጣው፤ ሰባቱ «መሰለኝ» ናቸው። የዕቁቡ ግን «አየሁ» ነው፤ ጸሐፊው ስሜ ፊት ምልክት እስኪያደርግ ድረስ ከበሩ አልተነሳሁም።